ልጅ ይዛ አዲስ አበባ የገባች ሠራተኛ

የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ ሲሻሻል በየመሥሪያ ቤቱ አፍ የገባው ቁጥር 11,500 ነበር። በዲግሪ ሥራ የሚጀምር ሰው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ወጣ። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ከፍ አለ። በወረቀት ላይ ጭማሪው ቀላል አይደለም። በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል ግን ብዙም ያልተጠየቀ ነገር አለ፦ ይህ ደመወዝ ለስንት ሰው ነው የታሰበው?

መልሱ ከስኬሉም፣ ከግብር ሠንጠረዡም፣ ከሥራ ሰዓቱም ይነበባል። የታሰበው ለአንድ ሰው ነው፤ ወይም ቤት ውስጥ ሌላ ደመወዝተኛ ላለው ሰው። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሠራተኛ በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ የላትም። ከክልል ከተማ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርስባታል።

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ትታሰብ። ደብረ ማርቆስ ትሠራ ነበር። ሁለት ልጆች አሏት፤ ወንዱ 7 ዓመቱ፣ ሴቷ 3 ዓመቷ። ባል የለም። ሞተ፣ ተፋቱ ወይም ጠፋ፣ ለወር ወጪው ለውጥ አያመጣም። የቅጥር ማስታወቂያ አይታ፣ ተወዳድራ፣ አዲስ አበባ ካለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ይህች ሴት ለምሳሌ የቀረበች ናት፤ ግን የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቢያንስ አንዷን በቅርብ ያውቃል። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአራት አባወራ አንዱ ገደማ በሴት የሚመራ ነበር። (ቃሉ ራሱ "አባወራ" መሆኑ ስንት ነገር ይናገራል።) ሁሉም ብቻቸውን የሚያሳድጉ አይደሉም፤ ቁጥሩ ግን የጥቂት ሰው ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል። ብቻቸውን የሚያሳድጉ አባቶችም አሉ፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ከቤት አከራይ ጥያቄ በስተቀር እነሱንም ይመለከታል።

"ታዲያ ለምን እዚያው አትኖርም ነበር?" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አንድ አይደለም። አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በግጭት ውስጥ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። የ7 ዓመት ልጅ ያላት እናት ልጇ ፊደል ሳይቆጥር ሌላ ዓመት እንዳያልፍ ብላ ብትነሳ ማን ይፈርድባታል? ልጁ የሕክምና ክትትል የሚያስፈልገው ሆኖ ሪፈር የተጻፈለት ጥቁር አንበሳ ከሆነስ? ሌላም ምክንያት አለ፤ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ትንሽ ከተማ ውስጥ የተፋታች ሴት ስሟ በየቡናው ይነሳል። አዲስ አበባ ቢያንስ ማንም አያውቃትም። ይህ ለአንዳንዷ ከደመወዝ ይበልጣል።

ወደ ሂሳቡ ስንመለስ፣ በ2017 ዓ.ም የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። 600 ብር ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ሳይነካ የቆየ በመሆኑ ማሻሻያው ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱ ደግ ነው። ከ11,500 ብር ላይ የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ፣ ቀጥሎ 3,000 በ20፣ ሌላ 3,000 በ25፣ የተረፈው 1,500 በ30 በመቶ ይሰላል። ድምሩ 2,100 ብር ግብር ነው። 7 በመቶ ጡረታ ሲቆረጥ 805 ብር ይሄዳል። እጇ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው።

አጠገቧ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው፣ እናትና አባቱ ቤት የሚኖረው ወጣት ባልደረባዋም በተመሳሳይ ደመወዝ የሚከፍለው 2,100 ብር ነው። የእኛ የግብር ሕግ ልጅ አይቆጥርም። በአንድ ደመወዝ ሦስት አፍ የሚመግብና ለራሱ ብቻ የሚበላ ሰው በሕጉ ፊት እኩል ናቸው። እኩልነቱ ያምራል፤ ፍትሕ ግን አይደለም። የደመወዝ ስኬሉም እንዲሁ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ 11,500 እና አዲስ አበባ ያለ 11,500 በመዝገብ ላይ አንድ ቁጥር ነው፤ ገበያ ላይ ሲወጣ ግን የተለያየ ገንዘብ ነው። መንግሥት ይህን ልዩነት አያውቀውም ማለት አይቻልም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በዓመቱ ከ130 ብር ያለፈው ዶላር ከሁሉም በፊት የሚሰማው በዋና ከተማዋ ሱቆች ነው። ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ደግሞ ይሄም መነሻ የለውም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢያነሳም የግሉ ሠራተኛ እስካሁን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለውም።

አሁን ቤት ይፈለግ። ከግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል፣ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ፣ ውሃው በፈረቃ፣ በ5,000 ብር አገኘች እንበል። ሰፈሩ ዳር ነው፤ መሀል ከተማ በዚህ ዋጋ ልጆች የሚያስገባ ክፍል ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። 3,595 ብር ቀራት። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 120 ብር አይሞላም። ለሦስት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 40 ብር አይሞላም። ከዚህ ላይ ታክሲ፣ መብራት፣ ሳሙና፣ ከሰል፣ የልጅ መድኃኒት ይወጣል። ምግብ የሚገዛው ከዚያ በሚተርፈው ነው።

ግን ዋጋው ብቻ አይደለም ችግሩ። ቤት ፍለጋ የወጣች፣ ልጅ ያላትና ባል የሌላት ሴት የሚገጥማትን ምልልስ አዲስ አበባ የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል። "ስንት ናችሁ?" ይጀምራል። "ልጆቹ ትንንሽ ናቸው? ውሃ ያበዛሉ፣ ግድግዳ ይጽፋሉ።" ቀጥሎ "ባለቤትሽስ?" ይመጣል። ክፍለ ሀገር ነው ብትል ውሸታም ትባላለች፤ የለም ብትል የአከራይዋ ፊት ይለወጣል። ማን ሊመጣ ነው? ማን ሊያድር ነው? ኪራዩንስ ከየት ልታመጣ ነው? ደላላው ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ አስቀድሞ "እህቴ ናት በይ"፣ "ባሏ ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው በይ" እያለ ያስጠናታል። ሚስት የሞተችበት አባት ልጆቹን ይዞ ቢመጣ "አይዞህ ወንድሜ" ይባላል፤ ምናልባት አከራይዋ ሽሮ ትልክለታለች። ለእሱ የሚታዘንለት ነገር ለእሷ የሚጠረጠርበት ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ለተከራይ ብዙ ነገር ይዟል። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። አከራይ በየሦስት ወሩ "ጨምሪ ወይ ውጪ" እንዳይል ታስቦ የወጣ ሕግ ነው፤ ቤት ላለው ተከራይ እውነተኛ ጥበቃ ነው። ሆኖም የሚጠብቀው ውል የፈረመን ሰው ነው። ደጃፍ ላይ ቆማ ገና ስትጠየቅ ላለችው ሴት ምንም አይላትም።

እንዲያውም ሳይታሰብ አንድ ነገር አክብዶባታል። ድሮ አከራይ ስለ ተከራይ ባሕርይ ብዙ አይጨነቅም ነበር፤ ካልተስማማው በወሩ መጨረሻ ያስወጣል። ዛሬ ሁለት ዓመት የማያስወጣውን ሰው ነው የሚመርጠው። ስለዚህ አጥብቆ ያጣራል። ሲያጣራ ደግሞ መጀመሪያ የምትወድቀው ደመወዟ ትንሽ፣ ልጇ ብዙ፣ ዋስ የሚሆናት ባል የሌላት ናት። ወይም ደግሞ ሁለት ውል ይደረጋል፤ አንዱ ወረዳ የሚመዘገብ፣ ሌላው በቃል የሚከፈል። የተመዘገበው ኪራይ ግብር ስለሚያስከፍል አከራዩ ማሳነሱን ይወዳል። ተከራይዋም ቤቱን ማጣት ስለማትችል ዝም ትላለች። ሕግ አስከባሪ የሚመጣው ሰው ሲከስ ነው፤ እሷ ደግሞ ልጆቿን ይዛ የት ልታድር ነው የምትከሰው?

ኮንዶሚኒየም የሚል ካለ፣ ያ በር ለእሷ ከተዘጋ ቆይቷል። በጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሴቶች 30 በመቶ፣ የመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ ቅድሚያ ነበራቸው፤ ጥሩ አሠራር ነበር። ግን የመጨረሻው ትልቅ ምዝገባ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም ነው፤ ያኔ የተመዘገቡ ብዙዎች ዛሬም እየጠበቁ ናቸው። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ በማጭበርበር ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደገና መውጣቱን ሰው አልረሳውም። ዛሬ የመጣች ሴት ከወረፋው ጫፍ ላይ እንኳ አትቆምም፤ ወረፋው ውስጥ የለችም።

ከዚህ ላይ የኮሪደር ልማቱ ይጨመራል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ፒያሳና ካሳንቺስ ላይ የፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ያረጁ፣ ንጽሕናቸው የጎደለ፣ ለኑሮ የማይመቹ እንደነበሩ የማይካድ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ በመንግሥት ሪፖርት ላይ የማይጻፍ አገልግሎት ነበር። ርካሽ ክፍል ነበር፤ ከክፍሉ ጎን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ የምትቀመጥ እትዬ ነበሩ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቁልፉን ከእሳቸው ይወስዳል፤ እናቱ እስክትመጣ ቆሎም ቢሆን ያቀምሱታል። የካሳንቺስ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ሲሄድ ቤት ተሰጥቶታል፤ እትዬ ግን ሌላ ብሎክ ደረሳቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነበር። አዲስ መጪዋ እናት የምትገባበት ሰፈር ይህ ሃምሳ ሰው የተበተነበት ነው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጉዳይ ያለው። ብቻዋን የምታሳድግ እናት የጎደላት ብር ብቻ አይደለም። የጎደላት ሁለተኛ ሰው ነው። ብር ቢጨመርላት እንኳ ከተማዋ የምትሠራው በሁለት ሰው ሰዓት ነው።

አንድ ተራ ማክሰኞ ይታይ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሥራ የሚጀምረው 2፡30 ነው፤ የሚያበቃው 11፡30። ሠራተኛውን በነፃ የሚያመላልሰው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለ፤ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን አውቶቡሱ ቱሉ ዲምቱን ከመሰለ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቅ ሰፈር የሚነሳው በማለዳ በተቆረጠ ሰዓት ነው፤ የትምህርት ቤቱ በር ገና አልተከፈተም። ልጁን አድርሳ ልትሄድ ብትል አውቶቡሱ ያመልጣታል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች፤ ነፃ የነበረው ጉዞ በቀን ከሚደርሳት 120 ብር ላይ ይቆረጣል፤ እሱም ሆኖ ታረፍዳለች። አውቶቡሱን ልያዝ ብትል የ7 ዓመት ልጅ ብቻውን አስፋልት ይሻገራል። ማታ ደግሞ ትምህርት ቤት 9፡30 አካባቢ ይለቃል። እሷ ከቢሮ 11፡30 ወጥታ ቤት የምትደርሰው 1፡00 ሲል ነው። ከ9፡30 እስከ 1፡00 ያለው ሦስት ሰዓት ተኩል የማን ነው?

ባልና ሚስት ባሉበት ቤት ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ አንዱ ያደርሳል፣ ሌላው ያመጣል። አያት ባሉበት ቤትም አይነሳም። እሷ ግን ይህን ሰዓት መግዛት አለባት። የቤት ሠራተኛ ልትቀጥር ከ3,595 ብር ላይ ምን ከፍላ? የግል ማቆያ ልታስገባም እንደዚያው። የ3 ዓመቷ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ተከፍቷል፤ ይህ በእርግጥ ከተሠሩት መልካም ሥራዎች አንዱ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ማቆያ የታሰበው ለጨቅላዎች ነው። ልጅ ከፍ ስትል ማቆያው ያበቃል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ገና አልጀመረም። በመሀል ያለው ዓመት ለማን እንደተተወ ሕጉ አይናገርም።

በተግባር ለማን እንደተተወ ግን ይታወቃል። ለአንዲት የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ። ከገጠር የእህት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ አንዳንዴም "የዘመድ ዘመድ" ትመጣለች። "ልጆቹን ትይዝልኛለች፣ እኔ አስተምራታለሁ" ተብሎ ነው። ቀን ቀን ሕፃን ትይዛለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ማታ ትምህርት ትገባለች፤ ወይም ትገባለች ተብሎ ይቀራል። እናትየዋ ክፉ ሆና አይደለም። ሦስት ሰዓት ተኩሉን የሚሸፍን ሌላ መንገድ ስላጣች ነው። ግን እውነቱ ይህ ነው፤ ከተማዋ ያልከፈለችው ዋጋ ከመጨረሻው ተነስቶ የሚያርፈው ደሃ ገበሬ ቤት በተወለደች ልጅ ጉልበት ላይ ነው። ስለ ሴት ሠራተኞች ብዛት የሚቀርብ ሪፖርት ሁሉ ከኋላው እንዲህ ያሉ ልጆች አሉት።

አባትየውስ? የቤተሰብ ሕጉ ልጅን የመቀለብ ግዴታ ይጥልበታል። ደሞዝተኛ ከሆነ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ሱቅ ካለው፣ ሹፌር ከሆነ፣ ቀን ሠራተኛ ከሆነ ገቢውን ማሳየት የእሷ ሥራ ይሆናል። እሷ አዲስ አበባ፣ እሱ ደብረ ማርቆስ ከሆነ ደግሞ ለአፈጻጸም ችሎት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መመለስ አለባት፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ፈቃድ ካገኘች። ብዙዎች ሒሳቡን አይተው ይተዉታል። "ከእሱ ምንም አልፈልግም" የሚለው ኩራት አንዳንዴ ኩራት አይደለም፤ የትራንስፖርት ዋጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ መሀል አዲስ አበባ አስተዳደር ሊመሰገንበት የሚገባ ነገር አለ፤ መተቸት ብቻ ልማድ ሆኖ መታለፍ የለበትም። የተማሪዎች ምገባው ነው። ከ2011 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። ለዚህች እናት ይህ ከደመወዝ ጭማሪው ይበልጣል። በቀን ሁለት ማዕድ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ገንዘቡ ወደ ገበያ ሄዶ በዋጋ ንረት ሳይበላ ቀጥታ ወደ ልጇ ሆድ ገብቷል። እንዲህ ያለ እርዳታ ከደመወዝ የሚለየው ልጅን የሚቆጥር መሆኑ ነው። ሁለት ልጅ ያላት ሁለት ሰሃን ታገኛለች። ግብር ሠንጠረዡ ያላወቀውን ነገር ወጥ ቤቱ አውቆታል።

ችግሩ እዚያ ሰሃን ጋ ለመድረስ ያለው መንገድ ነው። ከክልል የመጣ ሰው የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚሆነው በመታወቂያ ነው። መታወቂያ ለማግኘት ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ አድራሻ። አድራሻ ማለት አከራይ ነው። አከራዩ "በእኔ ቤት ቁጥር ሰው አላስመዘግብም" ካለ ነገሩ ሁሉ ይቆማል። መታወቂያ የሌላት ሴት ከሸማቾች ዘይትና ስኳር ሰልፍ ውጪ ናት፤ ልጅ ስታስመዘግብም ወረዳና ትምህርት ቤት መሀል ትመላለሳለች። የተመዘገበ የኪራይ ውል መታወቂያን ሊያመጣ ይገባው ነበር፤ ግን ቀደም ብሎ እንደታየው ውሉ ራሱ የማይመዘገብበት ምክንያት ብዙ ነው። ያውም እሷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የቅጥር ደብዳቤዋን የጻፈው መንግሥት ነው፤ ነዋሪነቷን የሚጠይቃትም መንግሥት ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም? የቅጥር ወይም የዝውውር ደብዳቤ ያለው ሠራተኛ ልጆቹን በዚያው ደብዳቤ የሚያስመዘግብበት አሠራር ብር አይጠይቅም፤ አንድ ሰርኩላር ይበቃዋል።

ብር የሚጠይቁት ነገሮች ይለያያሉ። በግብር ላይ ለልጅ የሚቀነስ ነገር ይኑር ሲባል የገንዘብ ሚኒስቴር መልስ ይታወቃል፤ ገቢ ይቀንሳል፣ ለማጭበርበር ይመቻል። የልደት ምዝገባና ፋይዳ ባሉበት ዘመን ሁለተኛው ሰበብ እየሳሳ ሄዷል፤ የመጀመሪያው ግን እውነት ነው። ለአዲስ አበባ የተለየ የኑሮ አበል ይኑር ቢባልም አከራዩ አበሉን ከሠራተኛዋ በፊት ሊሰማው ይችላል። ደመወዝ ሊጨምር ነው ሲባል ገና ሳይገባ ኪራይ የሚጨምርበት ከተማ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩሉ ግን በአከራይ አይበላም። ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተማው ኑሮው እሳት ቢሆንም 3 እና 4 ዓመት የሞላቸው ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ይገባሉ፤ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚቆዩበት ፕሮግራም አለ። ብቻዋን የምታሳድግ ሀበሻ እናት በዚያ ኪራይ መሀል ሥራ ይዛ የምትቆየው በእንዲህ ዓይነት ነገር ነው። አዲስ አበባ እንደ ዲሲ ገንዘብ የላትም። ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር አሁንም ግቢው ውስጥ አለ።

ትምህርት ቤቱ አለ፤ ከ9፡30 በኋላ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ጥበቃው ማታም እዚያው ነው። ለምገባው የተደራጁ እናቶች አሉ፤ ልጆቹን በስም ያውቋቸዋል፤ የማን ልጅ እንጀራ እንደማይወድ፣ የማን ልጅ ሰኞ ሰኞ ርቦት እንደሚመጣ ያውቃሉ። ከእነሱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጥቷቸው እስከ 12፡30 ቢቆዩ፣ ከምሳ የተረፈ ዳቦና ሻይ ቢኖር፣ አንድ ወጣት መምህር ደግሞ የቤት ሥራ ቢያሠራ፣ በየትምህርት ቤቱ ያሉ ስንት ልጆች ከመንገድ ይድናሉ? ጠዋትም በሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢከፈት እናትየዋ የነፃውን አውቶቡስ ትይዛለች። የትምህርት ቢሮውና የምገባ ኤጀንሲው ቁጭ ብለው ወጪውን ቢያሰሉት፣ በየክፍለ ከተማው አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ቤት መርጠው ቢጀምሩት፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ቢያዩት። የሚጀመርበትም ሰፈር ግልጽ ነው፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ገላን ጉራ፤ አውቶቡሱ በማለዳ የሚነሳባቸው፣ እናቶች መሽቶ የሚመለሱባቸው፣ እትዬ ያልተከተሏቸው ሰፈሮች።